ሪሞቱን ያጣ ሪሲቨርና ሪሲቨሩን ያጣ ሪሞት

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሪሲቨርና ስለ ሪሞት ኮንትሮል ሲጽፉ ያየ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድማችን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይሁን፤ አንቀየመውም። ነገር ግን እርሱ ጉዳዩን በሀገሩ ቋንቋ ጽፎ እስኪሰጠን ድረስ የሸዋ ሮቢት እናቶች ጥቁር መስተዋት ሲያዩ ይቆዩ ማለት አልቻልንም። ስለዚህ ያነበብነውን፣ የጠየቅነውንና በእጃችን የሞከርነውን ያህል እንጽፋለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ፣ ሹራብ ተወልቆ የሚገባበት ቆላ ይፋት ነው። ሸዋ ሮቢት ከዋናው ከተማ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ሽንኩርቷንና ማንጎዋን፣ ማሾዋንና ፓፓያዋን ለደጋው ትልካለች። በዚህ ቆላ ቤቱ ሁሉ ነው ማለት ባይቻልም ከቆርቆሮው በላይ ዲሽ የተከለው ሰው ጥቂት አይደለም። ከዲሹ የሚወርደው ሽቦ ሪሲቨር ከሚባለው ሣጥን ይገባል፤ ሣጥኑም ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል። የዚህ ሁሉ መክፈቻ ግን በመዳፍ የምትያዝ፣ ሕፃን የሚነክሳት፣ ፍየል የምትረግጣት፣ አልጋ ሥር ገብታ የምትረሳ አንዲት ሪሞት ናት።

ይህች ዕቃ ብትጠፋ ምን ይቀራል? ብዙዎቹ ርካሽ ሪሲቨሮች በፊታቸው ላይ ያላቸው ቁልፍ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ከነጭራሹ የሌላቸውም አሉ። በሁለት ቁልፍ ቻናል ወደ ላይና ወደ ታች መቀየር ይቻል ይሆናል፤ አዲስ ጣቢያ መፈለግ ግን አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. ገደማ ብዙዎቹ የሀገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው መድረክ ተሰባስበው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ሲዛወሩ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለውን ናይልሳት ሲያይ የኖረ ዲሽ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ነበረበት። ዲሹን ለማዞር መሰላልና የብሎን መፍቻ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አዲሱን ፍሪኩዌንሲ በቁጥር ወደ ሣጥኑ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ደግሞ ያለው በሪሞቱ ላይ ነው። ሪሞት የሌለው ቤት በዚያ ሰሞን ዜናም ሆነ ድራማ ቢያመልጠው ከድህነቱ የተነሣ አልነበረም፤ ከአንዲት ፕላስቲክ መጥፋት የተነሣ እንጂ።

በይፋት በኩል ሌላም ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲዘልቅ ብዙ ቤተ ሰብ ንብረቱን ጥሎ ሸሽቷል። የተመለሰው ሰው ሣጥኑን አግኝቶ ሪሞቱን ቢያጣ፣ ወይም ሪሞቱን አግኝቶ ሣጥኑን ቢያጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ አሮጌ ሪሲቨር ከነሪሞቱ መገኘቱም ዕድል ነው። በአንጻሩ ደግሞ የሞተ የዲቪዲ ማጫወቻ ሪሞት በየመሳቢያው ሞልቷል። ሪሲቨሩን ያጣ ሪሞትና ሪሞቱን ያጣ ሪሲቨር በአንድ ቤት ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

አንዲት እናት ወደ አንድ ጥገና ቤት ሣጥናቸውን ይዘው ሄደው ሲነጋገሩ ሰምተናል። «ልጄ፣ ሣጥኑ እኮ ደኅና ነው፤ መብራቱም ይበራል፤ የሚያዘው ብቻ ነው የጠፋው» አሉት። ጠጋኙም «እማማ፣ የዚህ ሪሞት ገበያ ላይ የለም፤ ሌላ ሪሲቨር ይግዙ» አላቸው። ልጁ በክፋት የተናገረው አይመስለንም፤ የተማረው ይህንኑ ነው። መልሱ ግን ልክ አልነበረም፤ ልክ ያልሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ሪሞት እንዴት እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ሪሞት የሚናገረው በብርሃን ነው። ብርሃኑ ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የሚባለው ነው፤ የሞገዱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን የሰው ዓይን ከ700 ናኖ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ አናየውም። የእጅ ስልክ ካሜራ ግን ያየዋል። ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙሮ አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ ሐምራዊ የመሰለ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ሕያው ነው። የኋላው ካሜራ ባያሳይ በፊተኛው መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ የኋላው ይህን ብርሃን የሚከለክል ማጣሪያ ስላለው ነው። ሪሞት ሞተ ብሎ ከመጣል በፊት ይህን መሞከርና የባትሪ ድንጋዩን መለወጥ፣ ድንጋዩ አፍስሶ ያዛገውንም ሽቦ መጥረግ ይገባል። የቁልፎቹ ላስቲክ ከሥሩ ያለው ጥቁር ቅብ ያለቀ እንደ ሆነም በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ብርማ ወረቀት ቆርጦ መለጠፍ ለጊዜው ያገለግላል።

ብርሃኑ ዝም ብሎ አይበራም። ፀሐይም፣ አምፖልም፣ የከሰል ምድጃም ታሕተ ቀይ ብርሃን ይሰጣሉና ሪሲቨሩ የሪሞቱን ከነዚህ የሚለይበት ምልክት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሪሞቱ ብርሃኑን በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል እያርገበገበ ይልካል፤ በሣጥኑ ፊት ያለችው ሦስት እግር ያላት ትንሽ ዓይን ደግሞ እንዲህ የሚርገበገበውን ብቻ ለይታ ታሳልፋለች። ይህ ብልሃት የመጣው ከብዙ ልፋት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፍላሽ-ማቲክ የሚባል በተራ ብርሃን የሚሠራ መቆጣጠሪያ ቢያወጣ የፀሐይ ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያርፍ ቻናሉ በራሱ እየተለወጠ አስቸገረ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት አድለር የሚባል መሐንዲስ ብርሃኑን ትቶ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚሠራውን አመጣ። ወደ ብርሃን የተመለሱት ማርገብገቡን ከለመዱ በኋላ ነው። ሆኖም የቆላ ፀሐይ ዛሬም ቢሆን ቀላል አይደለችም፤ ከሰዓት በኋላ በበሩ ገብታ በቀጥታ ሣጥኑ ላይ ካረፈች ዓይኗን ታጨናብራለች። መድኃኒቱ ሣጥኑን ከበሩ ትይዩ ማንሣት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ። ብዙ ርካሽ ዕቃዎች የሚጠቀሙበት የጃፓኑ ኤንኢሲ ኩባንያ ያወጣው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ቁልፍ ሲጫን ሪሞቱ በመጀመሪያ ለ9 ሚሊ ሰከንድ ያበራል፤ 4.5 ሚሊ ሰከንድ ዝም ይላል። ይህ አዋጅ ነጋሪ «ስማ! ያልሰማህ ስማ!» እንደሚለው ነው። ቀጥሎ 32 ምልክቶች ይመጣሉ፤ ምልክቱ አንድ ከሆነ 2.25፣ ዜሮ ከሆነ 1.125 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ከ32ቱ የፊተኞቹ 8 «ይህ ቃል የሚመለከተው እገሌን ነው» የሚለው አድራሻ ነው፤ ተከታዮቹ 8 የዚያው ግልባጭ ናቸው፤ ከዚያም 8 ትእዛዙ፣ የመጨረሻዎቹ 8 የትእዛዙ ግልባጭ ናቸው። ግልባጩ የሚላከው ለማመሳከሪያ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሣጥኑ ነገሩን እንዳልሰማ ይቆጥረዋል። ጣት ከቁልፉ ካልተነሣ ደግሞ ሪሞቱ ሙሉውን መልእክት አይደግምም፤ በየ108 ሚሊ ሰከንዱ «እንደ ቀድሞው» የሚል አጭር ምልክት ብቻ ይልካል።

ሌሎች ቋንቋዎችም አሉ። የፊሊፕስ አርሲ-5 የሚርገበገበው በሰከንድ 36,000 ጊዜ ሲሆን መልእክቱ 14 ምልክት ነው፤ ከነዚህም አንዱ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር እየተገለባበጠ አዲስ መጫንን ከተራዘመ መጫን ይለያል። የሶኒ 40,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ አጭሩ ዓይነት 12 ምልክት አለው። እንግዲህ የእናቲቱ ሣጥን የጎረቤትን ሪሞት የማይሰማው ከሁለት ነገር በአንዱ ነው፤ ወይ ቋንቋው ሌላ ነው፣ ወይ ቋንቋው አንድ ሆኖ አድራሻው የሌላ ነው። በሁለቱም ቢሆን ጠጋኙ እንዳለው ሣጥን የሚያስለውጥ ነገር የለም።

የመጀመሪያው መንገድ ሪሞቱን ማስተማር ነው። ዩኒቨርሳል የሚባለው ሪሞት በሆዱ የብዙ ዕቃዎችን ቋንቋና አድራሻ ይዞ የሚሸጥ ነው፤ ከወረቀቱ ላይ የሣጥኑን ስም ፈልጎ ቁጥሩን ማስገባት፣ ስሙ ከሌለም ሪሞቱ ራሱ አንድ በአንድ እንዲሞክር ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ የሚገኘው የታወቀው ስም ብቻ መሆኑ ነው፤ በየገበያችን የሚገባው ስሙ በየዓመቱ የሚለወጥ ሣጥን ከዚያ ላይገኝ ይችላል። ሌላው ዓይነት ሪሞት የሚማር ነው፤ የሚሠራውን ሪሞት አፍ ለአፍ አቅርበው እያንዳንዱን ቁልፍ ያስቀዱታል። ይህ ግን ዋናው ሪሞት ሳይጠፋ በፊት መደረግ ያለበት ነው፤ ወይም ያንኑ ሪሲቨር የያዘ ጎረቤት ያስፈልጋል። ታሕተ ቀይ ብርሃን የሚያወጣ የእጅ ስልክም አለ፤ ከቻይና የሚመጡት ሻዎሚ የሚባሉት ብዙዎቹ፣ ከቆዩትም ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 4 ይህ አላቸው።

ሁለተኛውን መንገድ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ የዚህ ጽሑፍም ዋና ነገር እርሱ ነው። ይኸውም ሪሞቱን በመተው ሣጥኑን ማስተማር ነው። ይህ የሚቻለው ግን ሣጥኑ በውስጡ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ሲይዝ ነው። በግልጽ እንናገር፤ በገበያችን ያለው ርካሽ ሪሲቨር ሁሉ ሊኑክስ አይደለም፤ ብዙው የተዘጋ ሥርዓት የያዘ ስለ ሆነ ለርሱ የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው ያለው። ሊኑክስ የያዙት ኤኒግማ 2 በሚባለው ፕሮግራም የሚሠሩት እንደ ድሪምቦክስና ቪዩ-ፕላስ ያሉት፣ መሠረታቸው ሊኑክስ የሆነው የአንድሮይድ ሣጥኖች፣ እንዲሁም ራስፕበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ሊብሬኤሌክ ጭኖ የሚሠራው ዓይነት ናቸው።

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ነበር። የእኛን ዕድሜ ማለት ነው፤ ስለ ራሳችን የምናስበውን ለጊዜው እንተወው። የሥርዓቱ ፈቃድ ማንም ሰው የፕሮግራሙን ጽሑፍ እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና ለሌላ እንዲሰጥ ያዛል። ለሪሞት የሚሆነውም ክፍል ከዚህ መንፈስ የተወለደ ነው፤ አስቀድሞ ሊርክ የሚባል የፈቃደኞች ሥራ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከሊኑክስ እምብርት ውስጥ አርሲ-ኮር የሚባል ክፍል ገብቶ የኤንኢሲን፣ የአርሲ-5ንና የሶኒን ቋንቋ ሁሉ ራሱ ይፈታል።

አሠራሩን በሰንበቴ ገበያ እንመስለው። እሑድ በሰንበቴ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ። ሻጩ የገዢውን ቋንቋ ባያውቅ ቋንቋውን ለውጦ ና አይባልም፤ በመካከል የሁለቱን የሚያውቅ ይገባል። በሊኑክስ ሣጥንም ዓይኗ ብርሃኑን ትቀበላለች፤ አርሲ-ኮር መልእክቱን ፈትቶ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ግን ለቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ትርጉም የለውም። በመካከል አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ በአንድ ወገን ቁጥሩ፣ በሌላው ወገን «ላይ»፣ «ታች»፣ «እሺ»፣ «ሜኑ» የሚሉት የቁልፍ ስሞች ተጽፈውበታል። ከመዝገበ ቃላት የተለየ ነገር የለውም። ሰንጠረዡን የለወጠ ሰው የዲቪዲውን ሪሞት የሪሲቨሩ ሪሞት አደረገው ማለት ነው። የአርት ፋኩልቲ ሰዎች በዚህ ነገር የገባነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራው የትርጉም ሥራ ነው።

በተግባር እንዲህ ይደረጋል። ሣጥኑን በኔትወርክ ሽቦ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ነው፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በኤስኤስኤች ወይም በቴልኔት ወደ ሣጥኑ ከተገባ በኋላ አይአር-ኪይቴብል የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል፤ ስሙ ሲጠራ ዓይኗ በሣጥኑ ውስጥ ምን ተብላ እንደተመዘገበችና የምታውቃቸውን ቋንቋዎች ይዘረዝራል። ቀጥሎ ቋንቋዎቹን ሁሉ እንድትሰማ አዝዞ በመሞከሪያ ሁኔታ ማስጀመር ነው። ከዚያ የዲቪዲውን ሪሞት ይዞ አንዱን ቁልፍ መጫን፤ በላፕቶፑ መስተዋት ላይ የቋንቋው ስምና አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ነው። ያንኑ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭኖ ሦስቱም ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት ይገባል፤ ካልሆነ ድንጋዩ ደክሟል፣ ወይም ፀሐይ ገብታለች። እንዲህ እየተባለ ቁልፉ ሁሉ ሲያልቅ ሰንጠረዡ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተጽፎ ይጫናል። ሣጥኑ በተነሣ ቁጥር ሰንጠረዡን እንዲያስታውስ ደግሞ በመነሻ ፋይሉ ውስጥ ስሙን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ትምህርቱ ይጠፋል፤ መብራት ደግሞ ይሄዳል። የቀድሞው ሰንጠረዥ አይደምሰስ፤ በሌላ ስም ይቀመጥ። በኤኒግማ 2 ሣጥኖች ከዚህ በላይ ኪይማፕ የሚባል ሌላ ፋይል አለ፤ እርሱ የቁልፉን ስም ከሥራው ጋር የሚያያይዝ ነው።

ሪሞቱን በሚመርጡበት ጊዜ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛው በዚያው ክፍል ያለ ሌላ ዕቃ የሚሰማው ሪሞት እንዳይሆን ነው፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለሪሲቨሩ ያስተማረ ሰው ድምፅ ሲጨምር ሁለቱም ይጨምራሉ፣ ቻናል ሲለውጥ ቴሌቪዥኑ ጥሎት ይሄዳል። የሞተ ዕቃ ሪሞት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ ሞቷልና የሚሰማው የለም። ሁለተኛው የቁልፉ ብዛት ነው። ቁጥሮች፣ አራቱ ቀስቶች፣ «እሺ»፣ «ሜኑ»ና «ውጣ» የግድ ያስፈልጋሉ። የዲቪዲ ሪሞት ብዙ ጊዜ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቁልፍ የለውም፤ ሪሲቨሩ ግን ይፈልጋቸዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያጠነጥኑትን አራት ቁልፎች በነዚህ ፈንታ መመደብ ጥሩ ነው።

እንቅፋቶችም አሉ። በአንዳንድ ሣጥን ዓይኗ በቀጥታ ከሊኑክስ ጋር አልተገናኘችም፤ በመካከል ያለች አንዲት ትንሽ ፕሮሰሰር የፋብሪካውን ሪሞት ብቻ ሰምታ ሌላውን ትጥለዋለች። በዚህ ጊዜ መሞከሪያው ምንም ቁጥር አያሳይም። መፍትሔው በዩኤስቢ የምትሰካ ሌላ ዓይን መስጠት ነው፤ ፍለርክ የምትባለው ለምሳሌ የማንኛውንም ሪሞት ቁልፍ ተምራ ሣጥኑ የኮምፒዩተር ኪቦርድ የተሰካበት እንዲመስለው ታደርጋለች። በራስፕበሪ ፓይ ከሆነ ደግሞ ከተበላሸ ቴሌቪዥን ላይ የተነቀለች ባለ ሦስት እግር ዓይን ትበቃለች፤ ብቻ በ3.3 ቮልት የምትሠራ መሆኗ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ሌላው እንቅፋት ማንቃት ነው። ሣጥኑ በከባድ እንቅልፍ ሲተኛ ሊኑክስም አብሮ ይተኛል፤ ሰንጠረዡን የሚያነብ የለም፤ የማንቂያውን ቃል የምታውቀው ያቺው ትንሽ ፕሮሰሰር ብቻ ናት። የተማረው ሪሞት ሁሉን ሲያዝ ማንቃት ቢያቅተው ሣጥኑን ከግድግዳው ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ ወይም ከሜኑው ቀላሉን እንቅልፍ መምረጥ ነው።

ቴሌቪዥኑ አዲስና በኤችዲኤምአይ ሽቦ የተገናኘ ከሆነ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። ሲኢሲ የሚባለው ሥርዓት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ትእዛዝ በሽቦው በኩል ለሣጥኑ ያስተላልፋል፤ ሳምሰንግ አኒኔት-ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ ይሉታል። በቴሌቪዥኑ ሜኑ ተዘግቶ ስለሚቀር ነው እንጂ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ጠጋኝ ቤት ከመሄድ በፊት እርሱን ከፍቶ መሞከር ይገባል።

ሥራው ሲያልቅ የቁልፎቹ አዲስ ስም በሪሞቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ «አጫውት» የሚለው ቁልፍ «ሜኑ» መሆኑን የሠራው ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ የሚያስታውሰው የለም። የቁስል ፕላስተር ቆርጦ፣ በአማርኛም ሆነ ቤተ ሰቡ በሚያነበው ቋንቋ በእስክሪብቶ ጽፎ፣ ከላዩ ሪሞቱን እንደ ልማዳችን በላስቲክ መጠቅለል ነው፤ ታሕተ ቀይ ብርሃን ስስ ላስቲክን ያልፋል፣ የቆላው አቧራና ላብ ግን አያልፍም። የሰንጠረዡ ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ያንኑ ሣጥንና ያንኑ ሪሞት ለያዘ ጎረቤት ሳይለወጥ ያገለግላል፤ ለርሱ ሥራው የአንድ ቀን ሳይሆን የሩብ ሰዓት ነው።